ሞተር የቆመበት ወራት፤ ስለ ኦዞንና ስለ ቤታችን ጢስ

በ2012 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሊፈጸም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በባሕር ዳር ከተማ ላይ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ጸጥታ ወረደ። ኮሮና የተባለው ወረርሽኝ ወደ አገራችን መግባቱ የተገለጠው መጋቢት 4 ቀን ነበር፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ በወሩ መጨረሻ ባሕር ዳርና ሌሎች ጥቂት የክልሉ ከተሞች ለዐሥራ አራት ቀናት ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ በመላው ኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከማለዳ እስከ ማታ እንደ ንብ መንጋ ሲያጕረመርም የሚውለው ባጃጅ ቆመ። ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም፣ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስም እንዲሁ ቆመ። ምእመናን የሰሙነ ሕማማትን ስግደትና ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤን በዓል አብዛኞቻቸው በየቤታቸው ሆነው አከበሩ።

በዚያ ወራት ከሰው አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበር፤ ይኸውም «አየሩ ጸዳ» የሚል ነው። በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ የሚሄድ ሰው የናፍጣ ሽታ አይሸተውም ነበር፤ አንዳንዱም ፈጣሪ ምድርን ለጥቂት ጊዜ ሊያሳርፋት ነው እያለ ወራቱን እንደ ሰንበት ይቈጥረው ነበር። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። የቀረው ግማሽ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም በዚያው ወራት በብዙ የዓለም ከተሞች ዐይን የማያየው አንድ መርዝ በመቀነስ ፈንታ ጨምሮ ተገኘ። ይህም ኦዞን የተባለው ጋዝ ነው። ለምን እንደ ጨመረ፣ ነገሩም ለእኛ ቤት ምን ትርጕም እንዳለው፣ የኬሚስትሪ ትምህርት ላልደረሳቸው ወላጆች ጭምር እንዲገባ አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

አስቀድመን እውነት የሆነውን ግማሽ እንይ። ከምንተነፍሰው አየር ከዐምስት እጅ አራቱ ያህል ናይትሮጅን፣ አንዱ ያህል ኦክስጅን መሆኑን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማራሉ። እነዚህ ሁለቱ በተለመደው ሙቀት ጎን ለጎን ሲኖሩ አይነካኩም። በመኪና ሞተር ውስጥ ወይም መብረቅ ባለፈበት መንገድ ላይ ግን ሙቀቱ እጅግ ኀይለኛ ስለሚሆን በግድ ይጣመራሉ። መጀመሪያ የሚገኘው ጋዝ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይባላል፤ እርሱም አንድ ኦክስጅን ሲጨምር ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል፤ የመተንፈሻ አካልን ያስቈጣል። ከምድር በላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች የፀሐይን ብርሃን መርምረው ይህ ጋዝ በየትኛው አገር ላይ እንደ በዛ ለይተው ያሳያሉ። ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቻይናዋ የዉሃን ከተማ ከተዘጋች በኋላ በዚያ አካባቢ ጋዙ በብዙ እንደ ቀነሰ በሳተላይት ካርታ ላይ ታየ፤ ወዲያውም በሰሜን ኢጣሊያ እንዲሁ ሆነ። በሕንድ አገር ጃላንዳር በተባለች ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ያላዩአቸውን በረዶ የለበሱ ተራሮች ከየቤታቸው ጣራ ላይ ሆነው ተመለከቱ። ተመራማሪዎች በኋላ ሲያሰሉት፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 በአፕሪልና በሜይ ወራት ከመላው ዓለም ወደ አየር የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ከመቶ ቢያንስ 15 እጅ ቀንሶ ነበር። እንግዲህ «አየሩ ጸዳ» ያሉት ሰዎች በከንቱ አልተናገሩም።

አሁን ወደ ኦዞን እንመለስ። ለመተንፈስ የምንፈልገው ኦክስጅን ሁለት አቶሞች የተጣመሩበት ነው፤ ኦዞን ግን የሦስት አቶሞች ጥምር ነው። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ሾንባይን በ1840 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ይህን ጋዝ ሲለይ፣ «መሽተት» ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ኦዞን ብሎ ሰየመው። ኀይለኛ መብረቅ ከወደቀ በኋላ አንዳንድ ጊዜ የሚሸተን ያ የተለየ ሽታ የእርሱ ነው። (አንድ ጊዜ አንድ ትጉህ ተማሪ «መምህር፣ ይህ ለምሥጢረ ሥላሴ ምሳሌ ይሆናልን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አይሆንም ብዬ መለስሁለት፤ በኦዞን ውስጥ ሦስተኛው አቶም ከሁለቱ ተለይቶ ይሄዳልና ምሳሌው ወደ ክሕደት ይወስዳል። የአባቶቻችን ምሳሌ የፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት ይበቃናል።)

በአገራችን ኦዞን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሰማይ ላይ ያለውንና ሳስቷል የሚባለውን ሽፋን ነው። ያ በእርግጥ ጠባቂያችን ነው። ከምድር ከዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ከፍታ ተዘርግቶ ቆዳንና ዐይንን የሚጎዳውን የፀሐይ ጨረር ያስቀርልናል። እርሱን ከሚያሳሱት የማቀዝቀዣ ጋዞች ለማዳን መንግሥታት መስከረም 5 ቀን 1980 ዓ.ም. በሞንትሪያል ከተማ ስምምነት ፈርመዋል። ይኸው ጋዝ ራሱ በአፍንጫችን ከፍታ በመንገድና በመንደር ሲገኝ ግን ጠላት ነው፤ የመተንፈሻ ቧንቧን ያቈስላል፣ ያስላል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል፤ የባቄላና የስንዴ ቅጠል ሳይቀር ያደርቃል። ጨው በወጥ ውስጥ ሲገባ ማጣፈጫ፣ በዐይን ውስጥ ሲገባ ማቃጠያ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ጥቅሙና ጉዳቱ የሚለየው በቦታው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ በስምንት ሰዓት ውስጥ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ100 ማይክሮ ግራም በላይ ኦዞን እንዳይኖር መክሯል።

በዚህ ላይ በዚያው ወራት የተናፈሰ አንድ ወሬ ነበርና ጠቅሼ ልለፈው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በሰሜን ዋልታ ሰማይ ላይ ሰፊ የኦዞን ክፍተት ተከፍቶ ነበር፤ ወዲያውም ተዘጋ። ብዙ ሰዎች «መኪናና ፋብሪካ ስለ ቆመ ሰማይ ተሰፋ» ብለው አወሩ። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። በዚያ ዓመት በዋልታው ላይ የሚዞረው የክረምት ነፋስ ከወትሮው የበረታና የቀዘቀዘ ስለ ነበረ ክፍተቱ ተፈጠረ፤ ነፋሱ ሲበተን ክፍተቱም ጠፋ። የሰው ልጅ በየቤቱ መዘጋቱ በዚህ ውስጥ ድርሻ አልነበረውም።

የታችኛውን ኦዞን ታሪክ ለመረዳት በብድር ብንመስለው ይቀላል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ማለት ዘወትር አንድ ኦክስጅን የሚጎድለው ድኻ ነው። ኦዞን ደግሞ ሦስተኛውን አቶም በላላ እጅ የያዘ ባለጸጋ ነው። ሁለቱ በመንገድ ላይ ሲገናኙ ድኻው ሦስተኛውን አቶም ወስዶ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ኦዞኑም ተራ ኦክስጅን ሆኖ ይቀራል። ፀሐይ ስትወጣ ግን እንደ ዳኛ መጥታ ከተበዳሪው ላይ ያንን አቶም ትነጥቀዋለች፤ አቶሙም ከአንድ ኦክስጅን ጋር ተጣምሮ እንደ ገና ኦዞን ይሆናል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተበደረው ሲመለስ፣ የተመለሰው ሲበደር ሂሳቡ እኩል ለእኩል ሆኖ በኖረ ነበር። ነገር ግን በአየር ውስጥ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም የቤንዚን ተን፣ የማገዶና የከሰል ጢስ፣ ከዛፍ ቅጠልም የሚወጣው ተን ነው። እነዚህ በፀሐይ ብርሃን ኀይል እየተቃጠሉ ሲሄዱ ለድኻው ኦክስጅን ይሰጡታል። ከሌላ በኩል ስለ ተሰጠው ከኦዞን አይበደርም፤ ፀሐይ ግን መንጠቋን አትተውም። ስለዚህ ኦዞን እየተከማቸ ይሄዳል፤ ይልቁንም ከቀትር በኋላ።

ከዚህ እንደምንረዳው በመኪና በተጨናነቀ ጎዳና ላይ ኦዞን የሚያንሰው አየሩ ንጹሕ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከየጭስ ማውጫው የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ስለሚበላው ነው። አንዱ መርዝ ሌላውን ይውጠዋል። ሞተሩ ሲቆም በላተኛው ጠፋና ኦዞን ራሱን ቀና አደረገ። በኒስ፣ በሮማ፣ በቱሪን፣ በቫሌንሲያና በዉሃን ከተሞች የተደረገው ምርመራ ይህን በቍጥር አሳይቷል። በአምስቱም ከተሞች የናይትሮጅን ኦክሳይድ በአማካይ ከመቶ 56 እጅ ያህል ሲቀንስ፣ ኦዞን ግን ከ2017 እስከ 2019 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በተመሳሳዩ ወቅት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በዉሃን 36፣ በቱሪን 27፣ በኒስ 24፣ በሮማ 14 ከመቶ ጨመረ፤ በቫሌንሲያ ብቻ ጭማሪው ከመቶ 2.4 ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በዚያው ዓመት በሌላ ቦታ የተገኘው ውጤት ነው። በሰሜናዊው የምድር ክፍል በልዩ ልዩ አገሮች በፊኛ መሣሪያ እየላኩ ከአንድ እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ኦዞንን የሚለኩ ጣቢያዎች፣ በ2020 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በጸደይና በበጋ ወራታቸው ኦዞኑ ከመቶ 7 እጅ ያህል ቀንሶ አገኙት። ያው አንዱ ምክንያት፣ ማለት የሞተር መቆም፣ በከተማ መካከል ኦዞንን አበዛ፤ ከከተማ ርቆ በከፍታ ላይ ግን አሳነሰ።

ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም በማጀት የዋለች እናት በቀላሉ ትፈታዋለች። ማገዶ እጅግ የታጨቀበት ምድጃ ይታፈናል፤ ከውስጡ ጥቂት ፍልጥ ቢወጣለት ቦግ ብሎ ይነዳል። ማገዶ ያነሰበት ምድጃ ግን አንድ ፍልጥ ቢወጣበት ይጠፋል። ናይትሮጅን ኦክሳይድም ለኦዞን እንዲሁ ነው። በታላላቅ ከተሞች እስኪያፍነው ድረስ የበዛ በመሆኑ ጥቂት ሲቀነስለት ኦዞኑ ነደደ፤ በገጠርና በከፍታ ላይ ግን ቀድሞውንም ጥቂት ስለ ነበረ ሲቀነስ ኦዞኑ ደከመ። በዚህም ምክንያት መንግሥታት አየር ለማጽዳት ሲነሡ መኪናውን ብቻ ቀንሰው የቤንዚኑን ተን፣ የፋብሪካውን ቀለምና ማሟሚያ፣ የማገዶውን ጢስ እንዳለ ቢተዉት በመካከል አንድ ክፉ ጊዜ ያልፋሉ። መኪናው መቀነስ የለበትም ማለት አይደለም፤ ሁሉም አብሮ ካልቀነሰ ትርፉ ጎዶሎ ይሆናል ማለት ነው እንጂ።

አሁን ወደ ጣና ዳር እንውረድ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሚያዝያ ወር ከ12ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናታችን ላይ ትቆማለች። እንግዲህ የ2012 ዓ.ም. ትንሣኤ የዋለው ፀሐይዋ ለእንዲህ ያለው የብርሃን ሥራ እጅግ በበረታችበት ቀን ማለት ነው። ከተማዪቱ እንደ ዉሃን ያለ የፋብሪካ ከተማ አይደለችም። ሆኖም ባጃጅና የጭነት መኪና ናይትሪክ ኦክሳይዱን ያወጣሉ፤ ምድጃና የከሰል ማንደጃ ተኑን ያወጣሉ፤ ከየገበሬው ማሳ የሚቃጠለው ቃርሚያ በበጋ ወራት ጢሱን ይጨምራል። በዚህ ላይ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ መጥቶ አገሩን የሞላው ባሕር ዛፍ አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ያ ደስ የሚል ሽታው ራሱ ለኦዞን ስንቅ ከሚሆኑት ተኖች ወገን ነው፤ ፀሐይ በበረታች መጠንም ብዙ ያወጣል። ዛፉ ብቻውን ምንም ክፋት የለበትም፤ ከሞተር ጋዝ ጋር ሲገናኝ ነው ኦዞን የሚወለደው። በወረርሽኙ ወራት በየቤቱ ቅጠሉን እየቀቀሉ ሲታጠኑ የነበሩት እናቶች ከዚህ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ስለሌለ አይሥጉ።

የሐይቁም ጠባይ አለ። ቀን ቀን የብሱ ከውኃው ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማ ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ከከተማ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ማታ ማታ ታንኳቸውን ወደ ዳር የሚያስጠጉ ሰዎች ይህን ያለ መምህር ያውቁታል። በታላላቅ ሐይቆች ዳር፣ ለምሳሌ በአሜሪካ በሚሺጋን ሐይቅ አካባቢ፣ ሌሊት በውኃው ላይ የተኛው የከተማ አየር በማግሥቱ ፀሐይ ስትመታው ኦዞን ሆኖ ተመልሶ ወደ ዳሩ እንደሚመጣ ተረጋግጧል። ኦዞን በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟምና ሐይቁ አይውጠውም፤ ቅጠል ግን በሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ይስበዋል። የዘጌን ደን ያየ ሰው ይህን ያስተውል። በዘጌ አባቶች ባጸኑት ሥርዐት መሬቱ ሳይታረስ፣ ከብትም ሳይሰማራበት ቡናው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ኖሯል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም በዚያ ጥላ ውስጥ የሚወጣ ምእመን የሚቀበለው አየር በቅጠል የተጣራ ነው። በነገራችን ላይ፣ ደኖቻችንን ለዘመናት ጠብቀው ያቈዩልን ገዳማትና አድባራት መሆናቸውን የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሲጽፉልን ብቻ መደነቃችን ያሳዝነኛል፤ ቆመን የምናስቀድስበት ደጀ ሰላም ነውና።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ከቤት ውጭ ስላለው አየር ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስነሣኝ ዋናው ነገር ግን ከቤት ውስጥ ነው።

በዚያ ወራት ሞተር ቆመ፤ ምድጃ ግን አልቆመም። እንዲያውም ሥራ በዛበት። በትምህርት ቤት ይውሉ የነበሩ ልጆች፣ በመሥሪያ ቤት ይውል የነበረው አባት፣ ሁሉም በቤት ስለ ዋሉ ሽሮውም ቡናውም በዛ። በባሕር ዳር ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ግቢ ተከራይቶ በቆርቆሮ የተሠራ ጠባብ ማድ ቤት ይጋራል፤ መስኮት የለውም፤ ጢሱ የሚወጣው በበሩና በቆርቆሮው ስንጥቅ ነው። እንጀራ የምትጋግር እናት ከምጣዱ ፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ትቀመጣለች፤ ሕፃኑ በጀርባዋ ላይ ነው፤ ሴት ልጇ ማገዶ እያቀበለች አጠገቧ ናት። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ብናኝ በየትኛውም የከተማችን አደባባይ ላይ ካለው እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ ከደጅ ያለው አየር ጸዳ ብለን ስናደንቅ፣ በአስተማሪዋ ፊት ልትቀመጥ ይገባ የነበረችው ልጅ በጢስ ፊት ተቀምጣ ነበር። «ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚለው ትእዛዝ ለሕይወት የተሰጠ ቢሆንም ለእርስዋ ሌላ ዋጋ ነበረው። ይህን በዚያን ጊዜ የተናገረ ሰው አልሰማሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በቤት ውስጥ ከማብሰያ ጢስ የተነሣ በ2020 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ይህ በአንድ ዓመት የሆነ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚደገም ነው፤ ስለዚህም ዐዋጅ አይታወጅበትም። በአገራችን አብዛኛው ቤተ ሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ሳንባው የሚጎዳው የእናትየዋና የሕፃኑ ነው፤ ዐይኑ የሚቀላውም የእነርሱ ነው። አባት ጢሱን የሚያውቀው ነጠላዋን ሲሸተው ብቻ ነው።

ይህ የምድጃ ጢስ ከማድ ቤቱ ሲወጣም በዚያ አያበቃም። ከላይ ሦስተኛው ወገን ያልሁት፣ ለኦዞን ስንቅ የሚሆነው ተን አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። በውስጡ ካለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ከፍ ብሎ ከሞተሩ ጋዝ ጋር በፀሐይ ፊት ይገናኛል። እንግዲህ የማጀቱ አየርና የአደባባዩ አየር ሁለት ነገሮች አይደሉም። አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት መሠራቱን ሲያስተምሩን አራቱ እርስ በርስ ተስማምተው እንዲኖሩ መገባቸው ይላሉ፤ በማድ ቤታችን ግን እሳቱ ነፋሱን እየበላው ነው።

መፍትሔው ምንድር ነው ለሚሉኝ፣ አንደኛው መንገድ በዐይናችን ፊት የሚፈሰው ውኃ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የሚሰጠው ከሐይቃችን ውኃ ወስዶ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሚወርደው በዐባይ ላይ ነው። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን ፈቅዷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ኦዞን ያየነው ሁሉ የሚያሳስበን፣ ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው ብቻ ሄዶ ወደ ምጣዱ ካልመጣ ሥራው በግማሽ እንደሚቀር ነው። ሞተሩን አንሥቶ ጢሱን መተው በ2012 ዓ.ም. በታላላቆቹ ከተሞች የሆነውን መድገም ይሆናል። ለእኔ ቢፈቀድልኝ ከመኪናው ይልቅ ምጣዱን አስቀድማለሁ፤ በምጣዱ ፊት ያለችው ነፍስ ቅርብ ናትና።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመግዛት አቅም ያላነሰው፣ መብራትም የማይጠፋበት ቤተ ሰብ ይህን ያድርግ። ላልቻለው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ አለ፤ እሳቱን ከቦ ስለሚይዝ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቈጥባል፤ ለከሰል ደግሞ ውስጡ በሸክላ የተለበጠው ላቀች ከተራው የብረት ማንደጃ ይሻላል። ከሰል ሲያያዝ በደጅ ተያይዞ፣ ጢሱ ካለቀና ከቀላ በኋላ ይግባ፤ ቀልቶም ቢሆን በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ አይደር፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ብዙ ቤተ ሰብ በእንቅልፍ ወስዷልና። በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከምጣዱ ከፍ ብሎ አንድ ቆርቆሮ ቢቀደድ ዋጋ አይጠይቅም። ለቡናና ለጸሎት የሚታጠነው ዕጣንም ይታጠን፤ መስኮቱ ግን ይከፈት።

ለመምህራን ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። በመጋቢትና በሚያዝያ ልጆችን ለሩጫና ለኳስ የምናወጣበት ሰዓት ከቀትር በኋላ ባይሆን ይመረጣል፤ ኦዞን ከፍ የሚለው በዚያ ጊዜ ነውና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሆን ሳንባቸው ያርፋል። ማገዶውን በተመለከተ ደግሞ፣ ከዘጌ በታንኳ ተጭኖ የሚመጣውም ሆነ ከገበያ የሚገዛው እንጨት እርጥብ ከሆነ ጢሱ እጥፍ ስለሚሆን፣ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ተገዝቶ፣ ተፈልጦ፣ በጣራ ሥር በክፍት ነፋስ ላይ ይከመር። በሰኔ ዝናብ የራሰ ፍልጥ ይዞ ምድጃ ፊት የሚቀመጥ ሰው የሚበላው ጢስ እስከ መስከረም ድረስ ነው።